የአማርኛው ረድፍ ይታረም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የተማሪዎቻችን እንግሊዝኛ ስለመድከሙ በጋዜጣችሁ ላይ በየጊዜው የሚወጡትን ጽሑፎች ሳነብ ቆይቻለሁ። አብዛኞቹ ጸሐፊዎች በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ጥፋተኛው አማርኛ ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ አማርኛ ያበዛል፣ ተማሪው በአማርኛ አስቦ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጣል፣ ስለዚህ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ክፍል ደጃፍ ይመለስ ይላሉ። እኔ ዕድሜዬን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን አዳማ ውስጥ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። የሥራ ማመልከቻው፣ የልምድ ማስረጃው፣ የኪራይ ውሉ፣ የማስጠኛ ወረቀቱ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማየው ስሕተት ክፍል ውስጥ ካየሁት ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ከዚህ ተነሥቼ ጸሐፊዎቹን እቃወማለሁ። ልጆቻችንን የሚያሳስታቸው አማርኛው በግዴለሽነት መጻፉ ነው።

ማስረጃዬን ላቅርብ። የፈተና ወቅት ሲቃረብ አስጠኚዎች እንዲባዛላቸው የሚያመጡት አንድ ዓይነት ወረቀት አለ። ርእሱ ይለያይ እንጂ አሠራሩ አንድ ነው፤ በግራ በኩል የሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ይደረደራሉ፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍቺያቸው ይጻፋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ወላጅ ተደናግጧል፤ እንዲህ ያለው ወረቀትም በእኔ ቤት በዝቷል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ያነበብኩትን ልጥቀስ። ከ«ቦሮው» ትይዩ «ብድር» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ «ሌንድ» አለ፤ በትይዩውም «ብድር»። «ራይዝ» መጨመር ነው፣ «ሬይዝ»ም መጨመር። «ሴይ» መናገር፣ «ቴል» መናገር። «ጆብ» ሥራ፣ «ወርክ» ሥራ። ልጁ ይህን ሌሊት ተቀምጦ ይሸመድደዋል። በማግሥቱ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ባዶ ቦታ ሥር ጎን ለጎን በምርጫ ሲቀርቡለት ምን ይዞ ይለያቸው? ዕጣ ከመጣል በቀር የተሰጠው ነገር የለም።

እስቲ አማርኛችንን በደንብ እንየው። ወንፊት እንዲያመጣ ጎረቤት የተላከ ሕፃን በር አንኳኩቶ «እማዬ ወንፊት አውሺን ብላለች» ይላል። «ተዋሺን» ብሎ አያውቅም። ሰጪ ያውሳል፣ ተቀባይ ይዋሳል፤ ሰጪ ያበድራል፣ ተቀባይ ይበደራል። «ቦሮው» ማለት ተዋሰ ወይም ተበደረ ነው፤ «ሌንድ» ማለት አዋሰ ወይም አበደረ። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው «ብድር» በሚለው ስም ፋንታ «ተበደረ» እና «አበደረ» ብሎ ግሡን ቢጽፍ ኖሮ፣ ልጁ አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቀውን ልዩነት ፊት ለፊቱ ያገኘው ነበር። መስተዋድዱ እንኳ ሳይቀር ይገጥማል። እኛ «ከ» በምንልበት «ቦሮው» «ፍሮም»ን ያስከትላል፤ እኛ «ለ» በምንልበት «ሌንድ» «ቱ»ን ያስከትላል። «አይ ቦሮውድ መኒ ፍሮም ማይ ሲስተር»፣ ከእህቴ ገንዘብ ተበደርኩ። «አይ ሌንት መኒ ቱ ማይ ሲስተር»፣ ለእህቴ ገንዘብ አበደርኩ። እንዲያውም በአንድ በኩል አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይረቅቃል። ወንፊቱ፣ ድስቱ፣ መጽሐፉ ያው ራሱ የሚመለስ ስለሆነ እንዋሰዋለን፤ ብሩና ጤፉ ግን የሚመለሰው ምትኩ ስለሆነ እንበደረዋለን። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ቦሮው» ይላል። በዚህ መንገድ ከተማረ በኋላ ሁለቱን ቃላት ያቀያየረ ተማሪ አላስታውስም።

«ራይዝ» እና «ሬይዝ» ላይ የወረቀቱ ጥፋት ይብሳል። «ጨመረ» የሚለው የአማርኛ ግሥ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፤ «የጤፍ ዋጋ ጨመረ» እንላለን፣ «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ»ም እንላለን። በመጀመሪያው ዋጋው ራሱ ባለቤት ነው፤ በሁለተኛው ነጋዴው ባለቤት፣ ዋጋው ተሳቢ ነው። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ለየብቻ ቃል ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ በአማርኛው ረድፍ መጻፍ ያለበት «ጨመረ» ሳይሆን ልዩነቱን የሚያሳይ ጥንድ ነው፤ «ናረ» እና «አናረ»፣ ወይም «ተነሣ» እና «አነሣ»። «ዘ ፕራይስ ሮዝ»፣ ዋጋው ናረ። «ዘ መርቻንት ሬይዝድ ዘ ፕራይስ»፣ ነጋዴው ዋጋውን አናረው። «ነጋዴው አናረ» ብሎ ያቆመን ሰው «ምኑን?» ብለን እንደምንጠይቀው፣ «ሬይዝ»ም ተሳቢ ካልተከተለው ዐረፍተ ነገሩ ጎዶሎ ነው። «ራይዝ» ደግሞ ተሳቢ አይቀበልም። ፀሐይ ስትወጣ፣ ጢስ ሲነሣ፣ ሰው ከመቀመጫው ሲነሣ «ራይዝ» ነው፤ ተማሪ እጁን ሲያነሣ፣ እናት ልጅ ስታሳድግ፣ ሰው ጥያቄ ሲያነሣ «ሬይዝ» ነው። «ጥያቄ ተነሣ» እና «ጥያቄ አነሣ» የምንል ሰዎች ይህ እንዴት ይከብደናል?

የሁለቱ ቃላት ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። «ራይዝ» የጥንቱ እንግሊዝኛ የራሱ ቃል ነው፤ «ሬይዝ» ደግሞ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ሰዎች ይዘውት የገቡት የዚያው ቃል ዘመድ ነው። በዚያ የዘር ግንድ ላይ አንደኛው «ተነሣ»፣ ሌላኛው «እንዲነሣ አደረገ» ማለት ነበር። እኛ በ«ተ» እና በ«አ» በየዕለቱ የምንጠቀምበትን ሥርዓት እንግሊዝኛ ዛሬ በጥቂት ጥንዶች ላይ ብቻ ነው አስቀርቶ የያዘው። «ሲት» እና «ሴት»፣ ተቀመጠ እና አስቀመጠ፣ ከእነዚያው ናቸው። «ላይ» እና «ሌይ»ም እንዲሁ ተጋደመ እና አጋደመ ናቸው። በዚህኛው ጥንድ ላይ ተማሪ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ፤ የ«ላይ» ያለፈ ጊዜ ራሱ «ሌይ» ነው፣ የ«ሌይ» ያለፈ ጊዜ ደግሞ «ሌይድ» ነው። እንግሊዝኛን ከእናታቸው የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ይሳሳቱበታል፤ ስለዚህ ልጆቻችን ቢዘገዩበት አይፈረድባቸውም።

አዳማ የአማርኛ ተናጋሪዎች ብቻ ከተማ አይደለችም። ክፍሌ ውስጥ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው የመጡ ልጆች በአማርኛ ከተማሩት ጋር በአንድ ዴስክ ይቀመጡ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ ማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስላደረገ፣ 9ኛ ክፍል ሲገቡ ባዮሎጂውም ሒሳቡም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይመጣባቸዋል። በአማርኛ ላይ የተናገርኩት ለእነዚህም ልጆች ይሠራል። በአፋን ኦሮሞ «በረቹ» መማር ነው፣ «በርሲሱ» ማስተማር፤ «ሊቄፈቹ» መበደር ነው፣ «ሊቄሱ» ማበደር። የግሡ ሥር አንድ ሆኖ የመጨረሻው ክፍል ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ ይናገራል። ሁለቱን ቋንቋዎች በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፌ «ቦሮው» እና «ሌንድ»ን ከሥራቸው ሳስቀምጥ፣ ከልጆቹ አንዱም ባዕድ ነገር እየተማረ እንዳልሆነ ያያል። አማርኛውን ከክፍል አስወጡ የሚሉ ሰዎች አፋን ኦሮሞውንም አብረው ነው የሚያስወጡት።

ስለ ኪራይም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ገንዘብ የሚያስከፍል ስሕተት ነውና። ውጭ አገር የሚኖር ሰው አዳማ ያለውን ቤቱን በሚመለከት በእንግሊዝኛ የተረቀቀ ውል እንድንጽፍለት በዘመዱ በኩል ልኮ ነበር። አንዱ አንቀጽ የሰውየውን ስም ጠርቶ «ሬንትስ ዘ ሃውስ» ይላል። አከራየ ነው ወይስ ተከራየ? ከዚያ ዐረፍተ ነገር ብቻ መልስ አይገኝም፤ «ሬንት» ሁለቱንም ይሸከማል። እንግሊዞች ለአከራዩ «ሌት» የሚል ሌላ ግሥ አላቸው፤ አሜሪካውያን «ሬንት አውት» ብለው ይለዩታል። በስም በኩል ግን እንግሊዝኛው ያስተካክላል፤ «ሌሰር» አከራይ፣ «ሌሲ» ተከራይ። «ኤምፕሎየር» ቀጣሪ፣ «ኤምፕሎዪ» ተቀጣሪ። በቃሉ መጨረሻ የሚመጣው ረዥም «ኢ» ድርጊቱ የደረሰበትን ሰው ስለሚያመለክት፣ ሥራው የእኛው «ተ» ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ የነገራት ባለመኖሩ፣ ለሥራ ማመልከቻዋ የቀድሞ መሥሪያ ቤቷን ስም ጽፋ ራሷን የዚያ ድርጅት «ኤምፕሎየር» ያደረገች ልጅ አስተናግጃለሁ። ቀጣሪዋ እርሷ ሆና ቁጭ አለች ማለት ነው።

አማርኛው ብቻውን የማያወጣን ቦታ መኖሩንም አልክድም። ከሁሉ ያሳዘነኝን ልንገራችሁ። እዚሁ አዳማ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ የነበረች ወጣት የልምድ ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ማኅተም ያረፈበት፣ የድርጅቱ አርማ ያለበት ደብዳቤ ነው። ማሽኑ ላይ ልዘረጋው ስል ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ቆመ፦ «ሺ ሃርድሊ ወርክስ»።

«ይህን ማን ጻፈልሽ ልጄ?» አልኳት።

«አለቃዬ ነው እትዬ። ጥሩ አድርጎ ጽፎልኛል አይደል? ጠንክራ ትሠራለች ብሏል።»

«ሃርድ» ጠንክሮ ነው። «ሃርድሊ» ግን «እምብዛም» ነው። ደብዳቤው በማኅተም አጽንቶ የሚናገረው «ይህች ልጅ እምብዛም አትሠራም» ብሎ ነው። ከጥምቀት በፊት ጀምራ በየሆቴሉ ስታስገባው ቆይታለች። ያልተጠራችው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ ሥራ የሚታጣበት ምክንያት ብዙ ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ቀጣሪ ያንን መስመር ሲያነብ ምን እንደሚያስብ ግን አውቃለሁ። አስቀምጬ አስረዳኋት። ፊቷ ጠቆረ፤ ደብዳቤውን አጣጥፋ ተመልሳ ሄደች። አለቃዋ በመጀመሪያ አልተቀበላትም። «ሃርድ ቅጽል ነው፣ ተውሳከ ግሥ እንዲሆን መጨረሻው ላይ ሊ ይጨመርበታል፣ የተማርነው እንዲህ ነው» ብሎ መለሳት። እውነቱን ነው፤ የተማረው እንዲሁ ነው። የመዝገበ ቃላቱን ገጽ ኮፒ አድርጌ በእጇ ላክሁለት። አንብቦ ሌላ ጻፈላት፣ ማኅተሙንም አደረገበት፤ ለዚህ ሳላመሰግነው አላልፍም።

ሰውየው የተማረው ደንብ በብዙ ቃላት ላይ ይሠራል። «ስሎው» ሲሆን «ስሎውሊ»፣ «ክዊክ» ሲሆን «ክዊክሊ» ይባላል። ሆኖም ደንቡን የማይከተሉ አሉ፤ «ሃርድ» ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ሆኖ ሳይለወጥ ያገለግላል። «ሃርድሊ» በድሮ ጊዜ በእርግጥ «በኃይል» ማለት ነበር፤ ከዚያ «በጭንቅ» ሆነ፣ ከዚያም «እምብዛም» ሆኖ ቀረ። «ሌት» ዘግይቶ ነው፣ «ሌትሊ» ግን በቅርቡ፤ «ኒር» ቅርብ ነው፣ «ኒርሊ» ግን ሊሆን ጥቂት የቀረው። በ«ሃርድሊ» ላይ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። አንደኛው ቦታው ነው፤ «ሃርድ» ከግሡ በኋላ ይመጣል፣ «ሃርድሊ» ከግሡ በፊት። ሁለተኛው አሉታው ነው። በአማርኛ «እምብዛም» ያለ ሰው ግሡን በአሉታ ይጨርሳል፤ «እምብዛም ትሠራለች» አይባልም፣ «እምብዛም አትሠራም» ነው። «ሃርድሊ» ግን አሉታውን በውስጡ ስለያዘ ግሡ በአዎንታ ይቀመጣል። ተማሪው አማርኛውን ተከትሎ «ኖት» ሲጨምርበት ሁለት አሉታ ይደራረባል። በአማርኛው ረድፍ ላይ «እምብዛም» ብሎ ማቆም ስለዚህ አይበቃም፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከነፍቺው መጻፍ አለበት።

«ሴይ» እና «ቴል» ላይ አማርኛው ጭራሽ ያሳስታል። «ሂ ሴድ ሚ» የሚለውን ስሕተት ያላረመ የእንግሊዝኛ መምህር በአገራችን ያለ አይመስለኝም። ከየት መጣ? ከ«አለኝ» ነው። «አለ» የሚለው ግሣችን የሰሚውን ምልክት በጀርባው ይሸከማል፤ አለኝ፣ አለህ፣ አላት። «ሴይ» ግን ሰውን በቀጥታ አይሸከምም፤ ሰው ማስገባት ከተፈለገ «ቱ» መሐል ይገባል። «ቴል» በተቃራኒው ሰውየውን ከአጠገቡ ይፈልጋል፣ «ቱ»ንም አይፈልግም፤ «ሂ ቶልድ ሚ»። እውነትን፣ ውሸትን ወይም ታሪክን ለመናገር ግን ሰው ሳይጠራም «ቴል» ይባላል። «ኤክስፕሌይን»ም እንደ «ሴይ» ነው፤ «አስረዳኝ» ብለን ስለለመድን «ኤክስፕሌይን ሚ» እንላለን፣ እንግሊዝኛው «ኤክስፕሌይን ቱ ሚ» ይላል። እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ለሁለቱም «መናገር» ተብሎ ሲጻፍ፣ ልጁን ከሚያሳስተው ቦታ ላይ አድርሶ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። መምህሩ አማርኛውን ደብቆ ይህን ስሕተት ሊያስወግድ አይችልም። ስሕተቱ በልጁ አእምሮ ውስጥ በአማርኛ ነው ያለው፤ አውጥቶ «አየህ፣ አለኝ ስለምትል ነው» ያለው መምህር ብቻ ያስለቅቀዋል።

«ፊው» እና «ኤ ፊው»፣ «ሊትል» እና «ኤ ሊትል» ብዙዎች የማይቻሉ አድርገው የሚያዩአቸው ናቸው። ሁለቱንም «ጥቂት»፣ «ትንሽ» ብሎ የሚያልፋቸው ወረቀት ለዚህ ተጠያቂ ነው። አዳማ ውስጥ ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ጎረቤት «ውሃ አላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ሁለት ዓይነት መልስ እንሰጣለን። «ትንሽ ውሃ አለን» ካልን ጎረቤቲቱ ጀሪካኗን ይዛ ትመጣለች፤ አለ ብለናታልና። «ያለን ውሃ ትንሽ ነው» ካልን ግን ይቅርታ ብላ ትመለሳለች። የመጀመሪያው «ኤ ሊትል ዋተር» ነው፣ ሁለተኛው «ሊትል ዋተር»። ሊቆጠር በሚችል ነገር ላይ ደግሞ «ኤ ፊው» እና «ፊው» ይሆናሉ፤ «ኤ ፊው ፍሬንድስ» ያለው ሰው ጓደኞች አሉት፣ «ፊው ፍሬንድስ» ያለው ወዳጅ ማጣቱን እየነገረን ነው። አንዲቷ «ኤ» የመኖርንና የማነስን ስሜት ትለያለች። እኛ ይህንን የምንለየው በቃላት ቅደም ተከተል ነው። ይህን ምሳሌ ለተማሪ መንገር የሚወስደው ጊዜ ወረቀቱን ከመሸምደድ ያንሳል።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። «ጆብ» ይቆጠራል፣ «ወርክ» በዚህ ፍቺው አይቆጠርም፤ «ሜኒ ወርክስ» ብሎ በማመልከቻ ላይ መጻፍ ስሕተት ነው። «አድቫይስ» በ«ስ» ሲያልቅ ምክር፣ «አድቫይዝ» በ«ዝ» ሲያልቅ መከረ ነው፤ ስሙ ደግሞ እኛ «ምክሮች» እንደምንለው አይበዛም፣ «ኢንፎርሜሽን»ም እንዲሁ። «ፎር» የጊዜውን ርዝመት ይቆጥራል፣ «ሲንስ» የተጀመረበትን ቀን ይጠራል፤ «ከሁለት ዓመት ወዲህ» ስለምንል ብቻ «ሲንስ ቱ ይርስ» ማለት አይቻልም። «ቦሪንግ» አሰልቺ ነው፣ «ቦርድ» የሰለቸው፤ እኛ «ሰለቸኝ» ብለን ራሳችንን ተሳቢ ስለምናደርግ ልጆቻችን «አይ አም ቦሪንግ» ብለው አሰልቺ መሆናቸውን ሳያውቁ ይመሰክራሉ።

ይህን ሁሉ ስል አዲስ ነገር ፈጠርኩ ማለቴ አይደለም። በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ሆርንቢ የተባለ እንግሊዛዊ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1942 ቶኪዮ ላይ ያሳተመው፣ ኦክስፎርድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 እንደገና ያወጣው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ለእያንዳንዱ ግሥ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን እንደሚከተለው፣ ተሳቢ ይፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ስሙ ይቆጠር እንደሆነና እንዳልሆነ በምልክት ያሳያል። ትምህርት ቤቶቻችን ይህን መዝገበ ቃላት በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያውቁታል፤ ብዙ ተማሪ ግን የሚከፍተው ፍቺ ለመፈለግ ብቻ ነው። እነዚያን ምልክቶች ማንበብ ያስተማረ መምህር ከማንኛውም ወረቀት የሚበልጥ ስጦታ ሰጥቷል። የጎደለን በአማርኛ ረድፉ ላይ ይህንኑ ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ወገኖችን ነው። አስጠኚዎችን፣ የአማርኛውን ረድፍ በስም ሳይሆን በረባ ግሥ ጻፉት እላለሁ፤ «ብድር» ሳይሆን «ተበደረ፣ አበደረ»። አማርኛው በሚያሳስትበት ቦታ ደግሞ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ጨምሩበት፤ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ቢሞላ ልጁ አይጎዳም። ክፍሉ ስድሳና ሰባ ተማሪ ስላለበት ጊዜ የለንም የሚሉ የሥራ ባልደረቦቼን ድካም አውቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ ጥንድ በአንድ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ቢነሣ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ የሚያምታቱት ዋና ዋናዎቹ ይዳረሳሉ። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችን ደግሞ፣ በመጽሐፉ መጨረሻ የሚቀመጠው የቃላት ዝርዝር ቃሉን ከሚያጅቡት ቃላት ጋር እንዲሰጥ እለምናለሁ፤ «ቦሮው» ብቻውን ሳይሆን «ቦሮው ፍሮም»፣ «ኤክስፕሌይን» ብቻውን ሳይሆን «ኤክስፕሌይን ቱ»።

ሦስተኛው ወገን እናንተ ናችሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከጋዜጣው ላይ አንዲት ጠባብ ዓምድ ለአንድ ጥንድ ብትለቁ፣ ወረቀት የመግዛት አቅም የሌለው ተማሪ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ሊያነባት ይችላል። ለናሙና አንድ ጥንድ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። «ሂ ስቶፕድ ስሞኪንግ» ማጨስ አቆመ ነው፤ «ሂ ስቶፕድ ቱ ስሞክ» ሊያጨስ ቆመ ነው። የእንግሊዝኛው «ኢንግ» ከእኛ «ማ» ጋር፣ የእንግሊዝኛው «ቱ» ከእኛ «ሊ» ጋር ሲገናኝ ታያላችሁ። «ሪመምበር»ም ከዚያው ጋር ይሄዳል፤ በሩን መቆለፌን አስታወስኩ ለሚለው «ኢንግ»፣ ሳልረሳ በሩን ቆለፍኩ ለሚለው «ቱ»። ከተቀበላችሁኝ የሚቀጥሉትን በየሳምንቱ ጽፌ ለመላክ ዝግጁ ነኝ፤ ክፍያ አልፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህርት
አዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ